እጅን የመሰብሰብ ትምህርት

ልጄ እስከ 9 ዓመቱ ድረስ እንጀራ በገዛ እጁ ቆርሶ በልቶ አያውቅም ነበር። ጣቶቹ መቁረስ ስለከበዳቸው ብቻ አልነበረም፤ በቤታችን ያለነው ሁሉ እናጎርሰው ስለነበር ነው። እኔ ሳልኖር እናቴ ታጎርሰዋለች፤ እናቴ ስትደክም ታላቅ እህቱ ትተካታለች። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ደግሞ እጁን ታጥቦ ገና ከመቀመጡ ወደ ልጁ ዞሮ አንድ ያጎርሰዋል፤ «አንድማ ያጣላል» ብሎም ይደግመዋል። በእኛ ዘንድ ማጉረስ የፍቅር ቋንቋ ስለሆነ ማናችንም ጥፋት እየሠራን ነው ብለን አላሰብንም። ነገር ግን በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ውስጥ አንድም ሰው ከትሪው ፊት አስቀምጦት «እስቲ አንተ ቁረስ» ብሎ አልጠበቀውም።

ልጄ ከመወለዱ ጀምሮ ዕድገቱን የሚያዘገይ፣ ዳውን ሲንድረም የሚባል ሁኔታ አለበት። የማጉረሳችንን ጉድለት ያወቅሁት በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ወደ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ክፍል ካስገባሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ምሳ ዕቃው በየቀኑ እንደታሸገ ይመለስ ነበር። አዲስ ቦታ ስለሆነ የምግብ ፍላጎቱ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ሽሮውን በዶሮ ወጥ፣ እንጀራውን በዳቦ ለወጥሁ። አንድ ቀን መምህርቱ አስጠሩኝና በምሳ ሰዓት በመስኮት እንድመለከት አደረጉኝ። ልጆቹ ሁሉ ይበላሉ። የእኔ ልጅ ምሳ ዕቃው ተከፍቶለት፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ አፉን በጥቂቱ ከፍቶ ይጠብቃል። አያለቅስም፤ አይቆጣም። የሚያጎርሰው ሰው እስኪመጣ በትዕግሥት ይጠብቃል እንጂ ከፊቱ ያለውን ምግብ የእጁ ጉዳይ አድርጎ አያየውም። ያን ቀን ወደ ቤቴ የተመለስሁት በእግሬ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሰው ፊት ማልቀስ አልፈለግሁም።

መምህርቱ አልወቀሱኝም። ያሉኝ አንድ ነገር ነው፦ «እናቱ፣ እሱን ከማስተማራችን በፊት እርስዎ እጅዎን መሰብሰብ ይማራሉ።»

እንጀራ መቁረስ ከባድ ሥራ ነው። ይህን የምንረሳው ሁላችንም ሳናስታውሰው በፊት ስለተማርነው ነው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ጡንቻቸው ልል፣ መገጣጠሚያቸውም የሚላላ በመሆኑ በጣቶቻቸው ጫፍ አጥብቆ መያዝ ይቸግራቸዋል፤ ብዙዎቹም ጣታቸው አጠር ያለ ነው። ለልዩ ፍላጎት ልጆች ስለ አመጋገብ ሥልጠና ያገኘኋቸው መመሪያዎች ሁሉ ማንኪያ ስለ መያዝ የተጻፉ ነበሩ። ማንኪያ አንድ እንቅስቃሴ ነው፤ ማጥለቅና ማንሣት። እንጀራ ግን በአንድ እጅ ብቻ ይዞ መቁረስን፣ የተቆረሰውን ወጥ ላይ አሳርፎ መጠቅለልን፣ ሳያንጠባጥቡ ማንሣትን፣ ከዚያም በላይ የሌላውን ሰው ወገን ሳይነኩ ከፊት ለፊት መብላትን ይጠይቃል። መምህርቱ ይህን ሁሉ በደብተራቸው ላይ በሰባት ደረጃ ከፋፍለው ጻፉልኝ፤ ከዚያም ትምህርቱን ከመጨረሻው ደረጃ እንድጀምር ነገሩኝ።

ከኋላ ወደ ፊት ማስተማር ለእኔ አዲስ ነገር ነበር። እኔ ቆርሼ፣ ጠቅልዬ፣ በጣቶቹ መካከል አስይዘዋለሁ፤ እሱ የሚሠራው ወደ አፉ ማድረስን ብቻ ነው። ይህ ሲለመድ የተጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ጠርዝ ላይ አስቀምጥለታለሁ፤ ማንሣቱም የእሱ ይሆናል። ቀጥሎ መጠቅለሉን፣ በመጨረሻም መቁረሱን እተውለታለሁ። የዘዴው ምስጢር ልጁ በየሙከራው ሥራውን የሚጨርሰው ራሱ መሆኑ ነው፤ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ በመቁረሱ ላይ ተሸንፎ የቀረውን እኔ እፈጽምለት ነበር፤ የሚማረውም መሸነፍን ነበር። ልብሱንም ያስተማርነው እንደዚሁ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እኔ አወጣለሁ፤ ከጉልበት እስከ ወገብ እሱ ይስባል። ቁልፉን ከቀዳዳው ግማሽ መንገድ እኔ አሳልፋለሁ፤ ቀሪውን እሱ ይጎትታል።

ለጣቶቹ ጉልበት ልዩ መሣሪያ አልገዛንም። ሊጥ ማሸት፣ የታጠበ ካልሲ መጭመቅ፣ የባቄላ እሸት መፈልፈል፣ ምስር መልቀም፤ ቤታችን ለካ በልምምድ የተሞላ ነበር። ምስሩን ሲለቅም ጠጠሩን ትቶ ምስሩን የጣለባቸው ቀናት ነበሩ፤ እኔ ግን የምፈልገው የአውራ ጣቱንና የሌባ ጣቱን መገናኘት ስለነበር እናቴ ማታ ማታ ደግማ ትለቅመው ነበር።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ገና መጠቅለሉ ላይ ነበርን። መምህርቱ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይደውሉልኝ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪው እኔ ሆንኩ። እጄን መሰብሰብ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በትክክል የተረዳሁትም ያኔ ነው። ልጁ ቁራሹን አንሥቶ በመንገድ ላይ ይወድቅበታል፤ እጄ ሳላዝዘው ይነሣል። መምህርቱ በሰጡኝ መመሪያ መሠረት በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። አሥር እስክደርስ ካልሞከረ በጣቴ አመለክታለሁ፤ አሁንም ካልሆነ እኔ አድርጌ አሳየዋለሁ፤ የመጨረሻው ነገር ክርኑን በስሱ ደገፍ ማድረግ ነው። ያን ድጋፍ ደግሞ ከሳምንት ወደ ሳምንት መቀነስ አለብኝ፤ ካልቀነስሁት ድጋፉ ራሱ የሥራው አካል ሆኖ ይቀርና ልጁ ክርኑ እስኪነካለት ይጠብቃል።

እናቴ በዚህ ጊዜ በጣም አዘነችብኝ። «ልጁን በረኃብ ልትገድይው ነው? የእኔ እጅ ምን ሆነ?» ብላ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ። የእሷን ሐዘን ማቃለል አልችልም፤ የልጅ ልጇን የምታቅፍበት መንገድ እሱ ነበርና። ስለዚህ ተስማማን፤ ልጁ ራሱ በልቶ ከጨረሰ በኋላ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ታጎርሰዋለች። ዛሬም በዚህ ላይ ጽኑ አቋም አለኝ። ጉርሻን ከቤታችን ማጥፋት ስሕተት ይሆን ነበር፤ ማንም ሰው የሚወደው ሰው ሲያጎርሰው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ጉርሻ የሚያምረው ራሱ መብላት ለሚችል ሰው ሲሰጥ ነው። ለማይችል ሰው መብል ብቻ ይሆናል።

ልጄ ሙሉ ማዕድ በራሱ ለመብላት ሰባት ወር ፈጀበት። በወፍራም ሽሮ ጀመርን፤ ከእንጀራው ጋር ተጣብቆ ስለሚነሣ ነው። ምስር ወጥ ቀጠለ። ዶሮ ወጥ ገና አሁንም ያንጠባጥበዋል።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት በዋልንበት ወራት በዚህ ጉዳይ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር። ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ማርክ ጎልድ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ነው። ይህ ሰው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከባድ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት አለባቸው የተባሉ ሰዎችን ብዙ ክፍሎች ያሉትን የብስክሌት ፍሬን መገጣጠም አስተምሯል። ከእነሱ መካከል ምንም አይማሩም ተብለው በየተቋሙ የተቀመጡ ይገኙባቸዋል። ሲሳሳቱ «አይደለም» አይላቸውም፤ «በሌላ መንገድ ሞክር» ይላቸዋል። ተማሪው ሳይማር ሲቀር ጎድሎ የተገኘው ትምህርቱ ነው፤ መለወጥ ያለበትም እሱ ነው የሚል እምነት ነበረው። ይህን ካነበብሁ በኋላ በቤታችን «ተው፣ እንደሱ አይደለም» የሚለው ቃል «እስቲ በሌላ በኩል ሞክረው» በሚለው ተተካ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ልጅ በቀን ስንት ጊዜ «አይደለም» እንደሚባል የቆጠረ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።

ሌላው በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሉ ብራውን ነው። ለልጆች ምን እናስተምር ለሚለው ጥያቄ አንድ መለኪያ አስቀምጧል፦ ልጁ ይህን ሥራ ሊሠራው ባይችል፣ ሌላ ሰው የግድ ሊሠራለት ነው? መልሱ አዎ ከሆነ ያን ማስተማር ይገባል። መለኪያውን ይዤ የልጄን ያለፉ ዓመታት ስመረምር አዘንሁ። ቀድሞ በከፈልንበት አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሁለት ዓመት ሙሉ የተነጠበለትን «ሀ» በእርሳስ ሲከተል፣ ቀይና ሰማያዊ ክብ ሲለይ ኖሯል። ፊደል አይማር ማለቴ አይደለም፤ ፊደሉን ዛሬ በደስታ ያነባል። ነገር ግን ቀይ ክቡን ሌላ ሰው ሊለይለት ግድ አይደለም፤ ከሽንት ቤት ሲወጣ ግን ሌላ ሰው ሊያጥበው ግድ ነበር፤ ስለዚህኛው ግን ማንም አልጠየቀም።

እጅ መታጠብን ያስተማርሁት በፎቶግራፍ ነው። ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ልጆች ከሚሰሙት ይልቅ የሚያዩትን በተሻለ ስለሚይዙ የራሱን እጆች በየደረጃው በስልክ አንሥቼ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ፣ ውሃ እንዳያበላሸው በፕላስቲክ አስለብጬ ከቧንቧው በላይ ለጠፍሁ። በሁለት ወር ቻለው። ተደስቼ ለመምህርቱ በደወልሁ በሳምንቱ ውሃ ጠፋ። በሠፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ልጁ ቧንቧውን ከፈተ፤ ውሃ የለም፤ እዚያው ቆመ። ከጎኑ ጀሪካኑም ጆጉም አሉ፤ ግን ለእሱ መታጠብ ማለት ቧንቧ መክፈት ነበር። አንድ ቦታ የተማሩትን ወደ ሌላ ቦታ ማሻገር ለእነዚህ ልጆች ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ስለዚህ በጆግ መታጠብን እንደ አዲስ፣ ለብቻው አስተማርሁት፤ ከዚያ አያቱ ቤት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት። ባለ ሁለት ረድፍ ፎቶ ሠራንለት፤ ውሃ ሲኖር የላይኛው፣ ሲጠፋ የታችኛው። የመብራትና የውሃ መጥፋት በሌለበት አገር የተዘጋጀ መመሪያ ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር።

ስለ መጸዳዳትና ገላ መታጠብ መጻፍ ይከብደኛል፤ ልጄ አድጓል፣ ገመናውም የራሱ ነው። ይሁንና ወላጆች ዝም ብለው የሚሸሹት ክፍል ይህ ስለሆነ የተወሰነ ልበል። ራሱን ማጠብ የማይችል ልጅ ዕድሜውን ሁሉ የሌሎችን እጅ ሰውነቱ ላይ እንዲቀበል ይለማመዳል። ማን ሊነካው እንደሚገባ፣ ማን እንደማይገባ የሚለይበት ድንበር አይኖረውም። እኔ ልሞት እችላለሁ፤ ቤት የምትረዳን ልጅ ልትቀየር ትችላለች፤ ነገ ማን እንደሚያጥበው አላውቅም። ስለዚህ በሩን መዝጋት፣ ሰው ሲያንኳኳ «ቆይ» ማለት፣ ፎጣ ታጥቆ መውጣት፣ እንቢ ማለት ከሳሙናው ጋር አብረው የሚሰጡ ትምህርቶች ናቸው። «ቆይ» ብሎ እኔን ከበር የመለሰኝ ቀን ደነገጥሁ፤ ከዚያ በደስታ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

ገንዘብ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ከጎረቤት ሱቅ ዳቦ መግዛትን በ2012 ክረምት ጀምረን ነበር። ቁጥሩን ስለማያነብ ብሩን በመልኩና በቀለሙ እንዲለይ አድርጌ ነበር ያስለመድሁት። በመስከረም 2013 ዓ.ም. መንግሥት የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶችን ቀየረ፤ የ200 ብር ኖትም ጨመረ። አዋቂዎች ባንክ ቤት ሲሰለፉ ልጄ አዲሱን አሥር ብር እንደ ገንዘብ ለመቀበል እንቢ ብሎ እጄ ላይ መለሰልኝ። ከእንግዲህ ሰነፍ መንገድ እንደማልመርጥ ያን ጊዜ ወሰንሁ፤ ቁጥሩን ራሱን አስተማርሁት። ባለሱቁ ደግ ሰው ነበሩ፤ ከልጁ እጅ ብሩን ፈጥነው ወስደው መልሱን ኪሱ ውስጥ ይከቱለት ነበር። እባክዎ እሱ ቆጥሮ እስኪሰጥዎ ይጠብቁ ብዬ ስለምናቸው መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ሰልፍ ሲረዝም የሚያጉረመርሙ ደንበኞች ነበሩ። ጥቂት ቆይቶ ግን ባለሱቁ ራሳቸው «ይቁጠር፣ ተዉት» ማለት ጀመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልለይ ማለፍ አልፈልግም። ልጅን ማስተማር ልጁ ከሰው ፊት ለመቅረብ የሚከፍለው ዋጋ መሆን የለበትም። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከእንግዳ የሚደብቀው፣ ሰርግና ክርስትና ይዞት የማይሄደው፣ «ሲሻለው» ብሎ ነው፤ ነገሩን እርግማን ወይም ቁጣ አድርጎ የሚያየውም ብዙ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲመሠርቱና ስለ ገዛ ልጃቸው በአደባባይ ሲናገሩ ለእኛ ለእናቶች ያደረጉት ትልቁ ነገር ይህን መጋረጃ መግለጣቸው ነው። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 የኑሮና የማኅበራዊ ዕድገት ክህሎትን መማር መብት አድርጎ ደንግጓል። መብት ነው ማለት ቁልፉን መቆለፍ የማይችለው ልጅም ቁልፉ እንደተከፈተ ከሰው መካከል ይቀመጣል ማለት ነው። የእኔም ልጅ ዕድሜውን ሁሉ እየጎረሰ ቢኖር ኖሮ በዚያው ማዕድ ላይ ቦታው የእሱ ነበር።

ይህን ካልሁ በኋላ ስለ ቡናው ልናገር። ቡና በማፈላበት ጊዜ ልጆች ፈንድሻ ያዞራሉ፤ ስኒ ያድላሉ። ታላቅ እህቱ ይህን ስታደርግ አድጋለች፤ እሱ ግን ጥግ ይቀመጥ ነበር። በ13 ዓመቱ በፈንድሻ ጀመርን። ቀጥሎ ባዶ ስኒ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ እስከ ግማሹ የተቀዳበት ስኒ፣ አንድ በአንድ፣ ከረከቦቱ እስከ ሶፋው። ለአምስት ወር ያህል ምንጣፋችን ሳይረጥብ የዋለበት ቀን ጥቂት ነው። ቡና በተቀዳበት ስኒ የመጀመሪያው ቀን አንዲት ጎረቤታችን «ኧረ ልጁን ተዪው፣ ይቃጠላል!» ብላ ተነሣች፤ እኔም እጄን በጉልበቴ ሥር አድርጌ ቁጭ አልሁ። በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት እማማ ግን አልተናገሩም። ልጁ ዓይኑን ስኒው ላይ ተክሎ፣ እግሩን እያመዛዘነ እሳቸው ዘንድ እስኪደርስ ጠበቁት። ከወንበራቸው ከፍ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉትና «እደግ! ተመንደግ!» አሉት።

ይህን ምርቃት በአገራችን ልጅ ሁሉ ይሰማዋል፤ የሚሰማው ግን ሰው ሲያገለግል ነው። ውሃ ሲያቀርብ፣ እጅ ሲያስታጥብ፣ ሲላክ። የእኔን ልጅ ሰው ሁሉ ስሞታል፤ ሰው ሁሉ «የኔ ምስኪን» ብሎታል። «እደግ ተመንደግ» ያለው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም፤ ለዚያ የሚያበቃ ሥራ ሰጥተነው አናውቅምና። ትርጉሙን ይወቅ አይወቅ አልጠየቅሁትም። ወደ ረከቦቱ ተመልሶ ለሁለተኛው ስኒ እጁን ዘረጋ።

ያልቻልናቸውም አሉ። የጫማ ክር ማሠርን ከአንድ ዓመት ልፋት በኋላ ትተነዋል። ሁለት ቀለም ያለው ክር ሞከርን፣ ከኋላው ቆሜ ሞከርሁ፣ ደረጃውን አሥራ አንድ ድረስ ከፋፈልሁት፤ አልሆነም። በተለጣፊ የሚዘጋ ጫማ ገዛሁለት። ልጁ ጠዋት ጠዋት በራሱ ተጫምቶ መውጣቱ ነው የሚያስፈልገኝ። ክር ማሠሩን ለማስቻል ብዬ በየማለዳው እያስለቀስሁት መኖሩን አልፈለግሁም።

አሁን የያዝነው ታክሲ ነው። 15 ዓመት ሞልቶታል፤ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት አንድ ታክሲ ብቻ ነው፣ መውረጃውም የታወቀ ሰማያዊ ቆርቆሮ አጥር ያለበት ነው። እኔ ከኋላ ወንበር እንደማያውቀው ሰው ሆኜ እቀመጣለሁ፤ እሱ በር አጠገብ። መክፈል ይችላል፤ መውረጃውንም ሳይሳሳት ይለየዋል። የቀረን «ወራጅ አለ» ማለት ነው። ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ይለዋል፤ ወንበር ደርድረን፣ እህቱ ረዳት ሆና፣ ብዙ ጊዜ ተለማምደናል። ታክሲው ውስጥ ሲሆን ግን ድምፁ ወደ ውስጥ ይገባል።

ባለፈው ቅዳሜ ቆርቆሮ አጥሩ ሲመጣ ጀርባው ቀጥ ሲል ከኋላ አየሁ። «ወራጅ» አለ፤ ሬዲዮው ዋጠው። ረዳቱ አልሰማም፤ ታክሲው አለፈ። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ መቁጠር ጀመርሁ። ስድስት ላይ ስደርስ እንደገና «ወራጅ አለ» አለ፤ ከቀድሞው ጥቂት ከፍ ብሎ። ከጎኑ የተቀመጠች ወጣት ወደ ረዳቱ ዞራ «ወራጅ አለ ይላል እኮ ልጁ» አለችለት። ከመውረጃችን አንድ ፌርማታ አልፈን ወረድን፤ በመጣንበት መንገድ በእግራችን ተመለስን። የፊታችን ማክሰኞ ደግሞ እንሳፈራለን።